ባለፋኖሷ የቀረችበት ዓርብ

ሌላው ሰው ስለ ትዳሩ ሲያወራ ከሠርጉ ወይም ከጠቡ ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከሠላሳ ካርድ ነው። የልጆች ጨዋታ ነው ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ትንሽ ታገሱኝ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

ያኔ ጅቡቲ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኝ ነበር። ከድር እባላለሁ፤ ትውልዴ ድሬዳዋ፣ ሥራዬ ኤርኮንዲሽነር መጠገን ነው። በዚህ ከተማ ሙቀቱ ከገባ በኋላ ስልኩ የማያርፍ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የጋለ ጣሪያ ላይ ተንበርክኬ እውላለሁ። ሀራሙስ የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ያሉትን ቪላዎች ሰዎቹ ሹራብ እስኪደርቡ አቀዘቅዝላቸውና፣ ማታ ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ወዳለችው ሁለት ክፍል ቤቴ እመለሳለሁ። የእኛን ቤት የሚያቀዘቅዘው አንድ የሚንቋቋ ቬንቲላተር ነው።

ሙያዬ ያስተማረኝ የማይሠራውን ፈልጎ ማውጣት ነው። ለማሽን አይለቀስለትም። የተበላሸውን ትነቅላለህ፣ ሌላ ትተካለህ፣ ክዳኑን ገጥመህ ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለህ። ይህንን ልማድ ከመሣሪያ ሳጥኔ ጋር ይዤው ቤት እንደምገባ ግን አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ነኢማ እዚሁ ከአክስቷ ጋር ያደገች፣ ፈረንሳይኛ ተምራ የጨረሰች ሴት ናት። በአክስቷ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ትሠራለች፤ እናቷ ድሬዳዋ ናቸው። ከምነግራችሁ ዓርብ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የመጀመሪያ ልጃችን በሰባት ወሯ ሆድ ውስጥ ሞተችብን። ቀብሯን እኔ ፈጸምኩ፤ የሆስፒታሉን ወረቀት እኔ ጨረስኩ። ነኢማ ተኝታ ከነበረችበት ሳትወጣም የሕፃኗን አልጋና ልብስ አንድም ሳላስቀር ከቤት አወጣሁ። አይታ እንዳይብስባት ብዬ ነው። ስትመለስ ቤቱ ተጠርጎ፣ ግድግዳው ሳይቀር ታጥቦ ጠበቃት። በሩ ላይ ቆማ አልጋው የነበረበትን ጥግ አየችና ገብታ ተኛች። ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ አልተጣላንም። የሚጣሉ ሰዎች እኮ ቢያንስ ይነጋገራሉ። እኛ "ውሃ መጥቷል?"፣ "ጋዝ አልቋል"፣ "ነገ ቀደም ብዬ እወጣለሁ" እየተባባልን ሁለት ዓመት ኖርን።

የካርዱ ሳጥን የመጣው ከሀራሙስ ነው። የአንድ ቪላ ተከራዮች አገራቸው ሊገቡ ዕቃ ሲያከፋፍሉ ለዘበኛው ፍሪጅ፣ ለሠራተኛዋ ብስክሌት ደረሳቸው፤ ለእኔ ያ ሳጥን ደረሰኝ። የእኔ ዕድል ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ስለነበረ ለነኢማ ሰጠኋት። በማግስቱ ስመለስ ምንጣፍ ላይ ዘርግታው ታነባለች፤ ራት እንኳ አላቀረበችም። እንደዚያ ተመስጣ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ጨዋታው የሚያስፈራ ነው። ሦስት ሰዎች በአንድ ደሴት ላይ ባለ የመብራት ማማ ውስጥ ተዘግተዋል። ከባሕሩ ጭጋግ ይመጣል፤ ከጭጋጉ ጋር የሰመጡ ሰዎች ይወጣሉ። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይፎካከሩም፤ ሁሉም በአንድ ወገን ናቸው። እያንዳንዱ ከሳጥኑ ሠላሳ ካርድ መርጦ የራሱን ጥቅል ያዘጋጃል። በየዙሩ ከጥቅሉ አንድ ያነሳል፣ ሲፈልግ ከእጁ አንድ ያወርዳል፤ ከዚያ መሃል ካለው የጭጋግ ክምር አንድ ይገለጣል። የሰመጠ ሰው ከወጣ ያስፈራሃል። የፍርሃት መቁጠሪያው ጠፍቶ ስለነበር እኛ የለስላሳ ቆርኪ እንጠቀማለን። ፊትህ አሥር ቆርኪ ከተከመረ አእምሮህን ስተሃል፤ አንድ ሰው ከሳተ ሦስታችንም ተሸነፍን። የጭጋጉ ክምር እስኪያልቅ ከቆየን ነጋ ማለት ነው፤ አሸነፍን።

ሦስተኛው ተጫዋች ጎረቤታችን አው ሙሳ ናቸው። በድሮው ባቡር ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ አማርኛቸውን ድሬዳዋ ጣቢያ የለመዱ ሶማሌ ሽማግሌ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጫቱ ሲደርስ ከተማው በሩን ይዘጋል። እሳቸውም እሽጋቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው እኛ ቤት ይመጣሉ። ፀሐይዋ ውጭ አናት ትበሳለች፤ እኛ መስኮት ዘግተን፣ ጨለማ ሠርተን እንፈራለን። ነኢማ ካርዱን በልቧ አንብባ በአማርኛ ትተርክልናለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ደረጃው ላይ የእርጥብ እግር ኮቴ ይሰማል" ስትል አው ሙሳ ማኘካቸውን አቁመው "አዑዙ ቢላህ" ይላሉ፤ ከዚያ ሦስታችንም እንስቃለን። ነኢማ ስትስቅ የምሰማው በሳምንት ያቺን ቀን ብቻ ነበር።

ከነኢማ ካርዶች መሃል ባለፋኖሷ የምንላት ነበረች። ፋኖስ ይዛ በራፍ ላይ የቆመች ትንሽ ልጅ ናት። እሷን ለማውረድ ከእጅህ ሌሎች ሁለት ካርዶች መጣል አለብህ። ስትወርድ ሁሉም ተጫዋች በእውነት የሚፈራውን አንድ ነገር በየተራ ይናገራል፤ ያወረዳት ሰው የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ከሁሉም ፊት አንድ አንድ ቆርኪ ይነሳል። ሥራዋ ይኸው ነው።

አው ሙሳ "የምፈራው ልጄ ጫት ተው ብላ ሐኪም እንዳትጠራብኝ ነው" ይሉ ነበር። እኔ ከፍታ እፈራለሁ አልኩ፤ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ የምውለው ሰውዬ። አንድ ዓርብ ነኢማ "ቬንቲላተሩ ሲቆም የሚመጣውን ዝምታ እፈራለሁ" አለች። ምን ብዬ መለስኩላት መሰላችሁ? "ካፓሲተሩ ደክሞ ነው፤ ነገ እቀይረዋለሁ።" ቀየርኩትም።

እንግዲህ ጠጋኝ ነኝና የአንድን ነገር አሠራር ሳላውቅ መቀመጥ አልችልም። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ ካርዶቹን ዘርግቼ ማጥናት ጀመርኩ። ምስጢሩ ያለው ሦስት ካርዶች ላይ ነበር። ደወሉ ገና ያልመጣውን ጭጋግ ቀድሞ ይጠራዋል። ጨው የተጠራውን ያጠፋዋል። ገመድ ደግሞ የወደቀውን ጨው ወደ እጅ ይመልሰዋል። ሦስቱ ከተገናኙ የሰመጠ ሰው ደረጃውን ሳይረግጥ ያልቃል። ይህንን ያገኘሁ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። ጥቅሌን በእነሱ ሞላሁ፤ ቀጥሎ "ሰርቪስ ላድርግላችሁ" ብዬ የሁለቱንም ጥቅል ወሰድኩ። ቆመው የሚበሉ ካርዶችን አወጣሁ፣ የሚሠሩትን ደጋገምኩ።

አምስት ዓርብ በተከታታይ አሸነፍን። ጀንበር ስትጠልቅ እስከሚሰገደው መግሪብ ይዘልቅ የነበረው ጨዋታ በአርባ ደቂቃ ማለቅ ጀመረ። አው ሙሳ አንድ ቀን ጉንጫቸውን እንደወጠሩ፣

"አቦ ከድር፣ ጂኒው ጫማውን ሳያወልቅ አባረርከው። እኔ እኮ የመጣሁት ልፈራ ነው" አሉኝ።

"አሸነፍን አይደል እንዴ?"

"ማንን?" አሉኝ። ካርዶቹን ሰብስቤ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ።

ነኢማ በየሳምንቱ ጥቅሏን ሳስረክባት ባለፋኖሷ መኖሯን ታይና ራሷ በውዛ ታስቀምጣለች፤ በቃ። እኔን ግን ያቺ ካርድ እንደ ጠጠር ትቆረቁረኝ ነበር። አንዲት ቆርኪ ለመቀነስ ሁለት ካርድ ይጣላል፣ ሩብ ሰዓት ወሬ ይወራል። ጨው ቢሆን በአንድ ጊዜ ሦስት ቆርኪ ያስቀራል። በስድስተኛው ሳምንት ሐሙስ ነኢማ ጥቅሏን አይታ ካስቀመጠች በኋላ ባለፋኖሷን አወጣሁና በምትኳ ጨው ከተትኩ። አልነገርኳትም። ከሠላሳ አንዷን ማን ይቆጥራል ብዬ ነው። ካርዷን ብሎንና ፊውዝ የማጠራቅምበት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኳት። በማግስቱ ለስድስተኛ ጊዜ አሸነፍን፤ በሠላሳ አምስት ደቂቃ።

ሰባተኛው ሐሙስ መጣ። የመኖሪያ ፈቃዳችንን ላሳድስ ብዬ የነኢማን ፓስፖርት ከመሳቢያ ሳወጣ በመሃሉ የባቡር ትኬት አገኘሁ። ከናጋድ ባቡር ጣቢያ ድሬዳዋ፤ ቅዳሜ ጠዋት፤ ለአንድ ሰው፤ መመለሻ የለውም። የተገዛው እሑድ ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስትህ ሳትነግርህ የመሄጃ ብቻ ትኬት ስትገዛ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። የገረመኝ ግን ከድንጋጤዬ ሥር ድካም ማግኘቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንን ወረቀት ስጠብቅ የኖርኩ መሰለኝ። ትኬቱን እንደነበረ መልሼ መሳቢያውን ዘጋሁ። ያን ሐሙስ ጥቅሎቹን ሰርቪስ ሳላደርግ ቀረሁ፤ ነኢማም የራሷን አላየችም። ማታ "ጋዝ አልቋል" አለችኝ፤ "ነገ አመጣለሁ" አልኳት።

ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ ዘዴዬን ጨርሼ ነበር። ጨዋታውን ቶሎ እናሸንፋለን፤ አው ሙሳን እንሸኛለን፤ ከዚያ ነኢማን ዓሣ ልጋብዝሽ ብዬ ይዣት ወጥቼ ስለ ትኬቱ እጠይቃታለሁ። የምናገረውን ሳይቀር በልቤ ደርድሬዋለሁ። እንደምታዩት፣ ለንግግሬም ጥቅል አዘጋጅቼ ነበር።

ደወሉ በሦስተኛው ዙር እጄ ገባ። ላወርደው ስል ነኢማ፣

"ዛሬ ደወሉን አትምታው" አለችኝ።

"ለምን?"

"ዝም ብለን እንጫወት። እንደ ድሮው።"

"እጄ ላይ እያለ?"

"እጅህ ላይ እያለ።"

አው ሙሳ ትራሳቸውን አመቻቹ። "አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ልንፈራ ነው" አሉ።

ደወሉን ያዝኩት። ጭጋጉ በራሱ ጊዜ፣ አንድ በአንድ መምጣት ጀመረ። ነኢማ ከስድስት ሳምንት በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተረከች። የመጀመሪያው የሰመጠ ሰው በሩን አንኳኳ፤ ሁለተኛው የአው ሙሳን ስም ጠራ። እየፈራሁም ሰዓቴን አያለሁ። ቆርኪዎቹ ተከመሩ። የነኢማ ግን ከሁላችንም በለጠ፤ አራት፣ ስድስት፣ ሰባት።

"ጨው የለሽም?" አልኳት።

"አለኝ።"

"ታዲያ አውርጂው።"

"ልያዘው።"

"ሰባት ደርሰሻል እኮ።"

"አውቃለሁ፣ ከድር።"

ጨውና ገመድ በእጇ ይዛ በየዙሩ አንድ ታነሳለች፣ ታያለች፣ ያነሳችውን ብቻ ታወርዳለች። ሁለቱን ካርዶች አትነካቸውም። እኔ ነገሩ ሳይገባኝ ተበሳጨሁ፤ አው ሙሳ ናቸው የነገሩኝ።

"ልጅቷን እየጠበቀች ነው፤ አይታይህም? ሁለቱን የያዘችው ለእሷ ልትጥል ነው።"

ነኢማ አልካደችም። "ባለፈው ዓርብም ጠብቄያት ነበር" አለች፣ ዓይኗን ከካርዱ ሳታነሳ። "ሳትመጣ ጨዋታው አለቀ። ዛሬ ቀስ ካልን ትመጣለች።"

ያኔ ነው የገባኝ። ባለፈው ዓርብ ልትናገር የፈለገችው ነገር ነበር። በቤታችን ውስጥ ሰው የሚፈራውን የሚናገርበት በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያቺ ካርድ ናት። ጠበቀች፣ አልመጣችም፤ እሑድ ሄዳ ትኬት ገዛች። ዛሬ ደግሞ ከመሄዷ በፊት አንድ ዕድል ሰጥታናለች፤ ቆርኪ እየተከመረባት፣ የሌለች ልጅ እየጠበቀች ነው። ልጅቷ ከጀርባዬ፣ በመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ፣ ፊውዝ ላይ ተኝታለች።

"እኔ አውጥቻት ነው፤ ይቅርታ" ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? አላልኩም። በዚያች ሰዓት እንኳ ጭንቅላቴ የሚፈልገው ዘዴ ነበር።

አው ሙሳ አነሱ፤ እኔ አነሳሁ፤ ነኢማ አነሳች። ልጅቷ አይደለችም። ስምንተኛ ቆርኪ። አሁንም አነሳች። አይደለችም። ከጥቅሏ የቀሩት አሥር አይሞሉም። ፊቷን ሳየው የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው፤ ገና ተስፋ አልቆረጠችም። አንጀቴን በላችው።

የአሱር ሶላት አዛን ተሰማ። ነኢማ ካርዶቿን ገልብጣ አስቀምጣ ልትሰግድ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። አው ሙሳ ውዱእ ሊያደርጉ ግቢው ወዳለው ቧንቧ ወጡ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰረቅኩትን ካርድ ለመመለስ ብዬ ሶላት አዘገየሁ። ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ቆርቆሮውን ገለበጥኩ፣ ባለፋኖሷን አገኘኋት። ከነኢማ ጥቅል ላይ ሁለት ካርዶች አንስቼ እሷን ከሥራቸው አስገባሁ። በሦስተኛው ዙር ትመጣለች። ማንም ሳያውቅ፣ ማንም ሳይጎዳ።

ቀና ስል አው ሙሳ እጃቸው ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመዋል።

"አቦ" አሉኝ በቀስታ፣ "ለካ ከሰመጡት አንዱ አንተ ነህ።"

"አው ሙሳ፣ እባክዎ እንዳይነግሯት።"

"እኔ ምን እነግራታለሁ? ቤቱ የአንተ፣ ሚስቲቱ የአንተ፣ ካርዱም የአንተ።" ፎጣ ፈልገው እጃቸውን አደረቁ፤ ወንበር ላይ ሆነው ሰገዱ። ጉልበታቸው አይታጠፍም። እኔም ተከትዬ ሰገድኩ፤ ምን እንዳልኩ አላህ ነው የሚያውቀው።

ነኢማ ተመልሳ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ካርድ አነሳች፤ አይደለችም። የሰመጠ ሰው ወጣ፤ ዘጠነኛ ቆርኪ ፊቷ ተቀመጠ። አንድ ቢጨመር አበቃ። ሁለተኛውን አነሳች። ያን ጊዜ ጥቅሏ አናት ላይ የቀረው ካርድ ጀርባ ታየ።

ነጣ ባለው የካርድ ጀርባ መሃል ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ጥቁር ነው፤ የኮምፕሬሰር ዘይት ነው። መስመሮቹ ሳይቀሩ ይነበባሉ። የመሣሪያ ሳጥኔ ክዳን እንደሚያቆሽሽ ስንት ዓመት ሙሉ አውቃለሁ፤ በዚያች ቀን ግን ረሳሁት።

እኔ አየሁት። አው ሙሳ አይተው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ነኢማ አየችው፤ ከዚያ እጄን አየችው። እጄን ከጉልበቴ ሥር ደበቅሁት። ቬንቲላተሩ ይሽከረከራል፤ እኔው የቀየርኩለት ካፓሲተር ጥሩ እየሠራ ነው።

"መቼ ነው ያወጣሃት?" አለችኝ።

"ያለፈው ሳምንት ሐሙስ።"

"እኔ ዓርቡን ሙሉ ስጠብቅ አልነበረችም ማለት ነው።"

"አልነበረችም።"

"አሁን ነው የመለስካት።"

"አዎ።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "አልጋውንም እንዲሁ ነው ያወጣኸው" አለች። "ሳትጠይቀኝ። ይጠቅምሻል ብለህ።"

እመኑኝ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አልጋ የሚለው ቃል በመካከላችን ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። የደረደርኩት ንግግር ሁሉ ጠፋ።

አው ሙሳ ጫታቸውን ጠቅልለው ሊነሱ ምርኩዛቸውን ፈለጉ። "እኔ እንግዲህ ልሂድ፣ ልጆቼ..."

"ይቀመጡ፣ አው ሙሳ" አለች ነኢማ። "ሁሉም ተጫዋች ይናገር ነው የሚለው።"

ተቀመጡ። ሌላ ዙር ሳትጠብቅ ባለፋኖሷን አነሳች፤ ጨዉንና ገመዱን ጣለችና ከነጥቁር አሻራው ምንጣፉ ላይ አወረደቻት።

"እርስዎ ይጀምሩ።"

አው ሙሳ ምርኩዛቸውን አስቀመጡ። ቀልድ ጠብቄ ነበር። "ባለፈው ሰኞ" አሉ፣ "የሚስቴ ድምፅ ጠፋብኝ። መልኳን አየዋለሁ፤ ድምፅዋ የለም። እስከ ማታ ድረስ አልመጣም። አንድ ቀን ጨርሶ እንዳይቀር እፈራለሁ።"

ተራው የእኔ ነበር። ከፍታ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት።

"ትኬቱን አይቻለሁ" አልኩ። "እንዳትመለሺ እፈራለሁ።"

ትኬቱን ማየቴ ነኢማን አልገረማትም። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

"አርግዣለሁ" አለች። "ሦስት ወር ሊሆነኝ ነው። የምፈራው ይህኛውም እንዳይሞት ነው። ከዚያ በላይ የምፈራው ግን አንተን ነው፣ ከድር። ከሞተ ቤቱን ጠርገህ፣ ግድግዳውን አጥበህ እንዳትጠብቀኝ እፈራለሁ። እኔ ሳላለቅስ ነገሩ አልቆ እንዳላገኘው። ለዚህ ነው እናቴ ጋ የምሄደው።"

እንባዬ መጣ። ያን ቀን መቃብር ላይ ያልመጣው፣ ግድግዳውን ሳጥብ ያልመጣው፣ በአንድ ሽማግሌ ፊት፣ በቆርኪዎች ላይ መጣ። ነኢማም አለቀሰች። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። አው ሙሳ ጠበቁንና፣ እጃቸውን ዘርግተው ከእያንዳንዳችን ፊት አንድ አንድ ቆርኪ አነሱ።

"ሕጉ ነው" አሉ።

ቀጥሎ ጭጋጉ ተገለጠ። ሁለት የሰመጡ ሰዎች በአንድ ካርድ ላይ መጡ፤ ጨዉ ተጥሏል፣ የሚከለክላቸው የለም። የነኢማ ቆርኪ አሥር ሞላ፤ ተሸነፍን። በሰባት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያው ሽንፈታችን ነበር። አው ሙሳ ሲወጡ ትከሻዬን ያዝ አድርገው "ዛሬ ጥሩ ተጫወትን" ብለውኝ ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ናጋድ እኔው በመኪናዬ ወሰድኳት። እንድትቀር አልለመንኳትም። ልለምናት ፈልጌ ነበር፤ ግን እሷ ያልጠየቀችኝን ነገር በእሷ ፈንታ መወሰን በቃኝ። ጣቢያው በሻንጣና በዘንቢል ተጨናንቋል። ፍተሻው ጋ ስንደርስ ቆመች።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። አልጋውን ለማን ሰጠኸው?"

ያኔ ዕቃውን ሁሉ ለሰው ሰጠሁት ብያት ነበር። ለሁሉም ያልኩት ይህንኑ ነው።

"አልሰጠሁትም" አልኳት። "የሥራ ዕቃ ማስቀመጫዬ ውስጥ ነው፤ ከአሮጌዎቹ ኮምፕሬሰሮች ኋላ። በአንሶላ ሸፍኜዋለሁ። ልብሶቹም እዚያው ናቸው። ሰው ልሰጠው ሁለት ጊዜ ጭኜው ወጥቼ መልሼ አስገባሁት።"

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ያገባኋት ጊዜ እንኳ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

"አቧራ በልቶታል" አለች።

"በልቶታል። ዛሬ ሄጄ..."

"አትንካው" አለችኝ። "ስመጣ ራሴ ነኝ የማጸዳው።"

ሻንጣዋን ተቀብላኝ ገባች። እኔ ባቡሩ ከሄደ በኋላም መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ቆየሁ።

ይህን ካነበባችሁት መሃል "ታዲያ ብልጠት ኃጢአት ነው?" የሚል አይጠፋም። አይደለም። ደወል፣ ጨውና ገመድ አሁንም ደስ ይሉኛል፤ ሦስቱን ያገኘሁ ቀን የሳቅሁትን ሳቅ አልክድም። ስህተቴ የሚያስፈራ ጨዋታ ላይ ተቀምጬ ፍርሃት የሚባለውን በሙሉ እንደ ብልሽት መቁጠሬ ነበር። ከዚያ ደግሞ የራሴን ጥቅል ብቻ ብጠግን አንድ ነገር ነው፤ ሳልጠየቅ የሰው ጥቅል ውስጥ ገባሁ። አሁን የራሴን እንደፈለግሁ እሠራለሁ፤ የሰው አልነካም። ከሠላሳዬም አምስት ስድስቱ ምንም የማይረቡ ናቸው፤ ሲነበቡ ስለሚያምሩ ብቻ የያዝኳቸው። ከሦስት ጊዜ ሁለቴ እንሸነፋለን።

ነኢማ ድሬዳዋ ወለደች፤ ልጁ አርባ ቀን ካለፈው በኋላ ይዛው ተመለሰች። በእነዚያ ወራት ዓርብ ዓርብ እደውልላት ነበር። የምፈራውን አንድ ነገር እነግራታለሁ፣ እሷም ትነግረኛለች፤ ያለ ካርድ መናገር መጀመሪያ ላይ ምላሴ ላይ እንደ ብረት ከብዶኝ ነበር። አልጋውን በመጣች በሦስተኛው ቀን ግቢው ውስጥ አውጥታ አጠበችው። እኔ ባልዲ አቀበልኳት፤ አምጣ ስትል ብቻ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም ደክሞኝ እገባለሁ፣ አሁንም "ካፓሲተሩ ነው" ልል አፌ ይከፈታል።

ባለፋኖሷ አሁንም የነኢማ ጥቅል ውስጥ ናት። አሻራው አልለቀቀም፤ በአልኮል ልጠርገው ብዬ ነበር፣ ነኢማ ከለከለችኝ። ምልክት ያለበት ካርድ በየትኛውም ጨዋታ ማጭበርበር ነው፤ ልጅቷ ጥቅሉ አናት ላይ ስትደርስ ሦስታችንም ከሩቅ እናውቃታለን። አው ሙሳ ያኔ ማኘካቸውን ያቆማሉ። እኔም በእጄ ምንም ያህል ጥሩ ካርድ ቢኖር አስቀምጠዋለሁ፤ ነኢማ እስክታነሳት ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።